በረዶ፣ ብናኝ ወይስ ውርጭ? ከዳባት እስከ ራስ ዳሽን መሬቱን የሚያነጣውን ለይቶ ማወቅ

በደባርቅና በዳባት ነጭ መሬት ማየት ብርቅ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከቀትር በኋላ ዶፉ ይወርድና መንገዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይነጣል። በኅዳር ማለዳ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሣሩ ነጥቶ ያድራል። ከፍ ወዳለው ወደ ቧሂት የዘለቀ መንገደኛም ድንጋዩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ያገኘዋል።

ብዙዎቻችን ሦስቱንም "በረዶ" ብለን እናልፋለን። ለወሬ ያህል ይበቃል። ገብስ ለዘራ፣ ድንች ለተከለ ወይም እንግዳ ይዞ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን አይበቃም። የሦስቱ አመጣጥ የተለያየ ነው። የሚያደርሱት ጉዳትም፣ መከላከያቸውም እንደዚሁ። ይህ ጽሑፍ እያንዳንዱን በየተራ ያስረዳል።

ሦስቱ ምን ምን ናቸው?

የመጀመሪያው የበረዶ ጠጠር ነው። ከነጎድጓዳማ ደመና የሚወርድ ጠንካራ እንክብል ነው። ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ያንኳኳል፤ ራቁት ራስ ላይ ሲያርፍ ያማል። "በረዶ ዘነበ" ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ብናኝ በረዶ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት በቴሌቪዥን የምናየው፣ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደው ነው። ድምፅ የለውም፤ ሲያርፍም አያሳምምም።

ሦስተኛው ውርጭ ነው። ውርጭ ከደመና አይወርድም። ሌሊት መሬቱና ቅጠሉ ራሳቸው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዙ የሚፈጠር ነው። በማለዳ ሣሩ ላይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለው ስስ ነጭ ሽፋን አመዳይ ይባላል። አንዳንድ መጻሕፍት አመዳይን ለብናኝ በረዶም ይጠቀሙበታል። እዚህ ግን አመዳይ ስል የማለዳውን ነጭ ሽፋን ብቻ ነው።

የበረዶ ጠጠር እንዴት ይፈጠራል?

ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ መሬቱን ታሞቃለች። የሞቀው አየር እርጥበት ይዞ ወደ ላይ ይነሳል። ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል።

ደመናው ብርቱ ከሆነ በውስጡ ወደ ላይ የሚነፍስ ነፋስ ይኖራል። ይህ ነፋስ የውሃውን ጠብታ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደሆነው ከፍታ ይወስደዋል። እዚያ ጠብታው ይጠጥራል። ሌሎች ጠብታዎችም እየተለጠፉበት ይወፍራል። ክብደቱ ነፋሱን ሲያሸንፍ ወደ መሬት ይወርዳል።

በረዶ ከቀትር በኋላ የሚበዛው ለዚህ ነው። ለመነሻው የፀሐይ ሙቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጠጠር በረዶ የብርድ ምልክት አይደለም። ጠዋቱን ሞቃት በነበረ ቀንም ሊወርድ ይችላል።

ታዲያ ለምን ደጋው ላይ ይበዛል?

በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ጠለል በላይ 4,500 ሜትር እና ከዚያም በላይ ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ጠጠሩ በሞቃቱ አየር ውስጥ የሚጓዘው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሳይቀልጥ ይደርሳል።

ወደ መተማ ቢወርዱ ግን ምድሩ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያው ጠጠር አራት ኪሎ ሜትር ያህል በሞቃት አየር ውስጥ ማለፍ አለበት። ብዙው በመንገድ ይቀልጥና ዝናብ ሆኖ ይወርዳል።

ብናኝ በረዶስ በኢትዮጵያ ይወርዳል?

አዎ፣ በሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይ አልፎ አልፎ ይወርዳል። ነገሩ ደግሞ ትናንት የታወቀ አይደለም።

ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአክሱም ንጉሥ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው በአዱሊስ የድል ጽሑፍ አስቀርጾ ነበር። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፉን ገልብጦ አቆየልን። ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ በሰሜን ሰዎች ላይ መዝመቱን፣ አገራቸውም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለው ይናገራል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ወደ ጎንደር ሄደ። በሰሜን ተራሮች በረዶ እንዳላየ ጻፈ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ በረዶውን በዓይኑ ማየቱን አስታወቀ። ብሩስ ያላየው ከግርጌው ስላላለፈ መሆኑንም አስረዳ።

ሶልት ልክ ነበር። ደባርቅ ላይ ቆሞ የራስ ዳሽንን አየር መፍረድ አይቻልም። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። 100 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከደባርቅ ጋር ያለው ልዩነት 1,700 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጫፉ ከደባርቅ በ11 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በክረምት ዝናብ ሲጥል ደባርቅ ላይ 11 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ላይ ዜሮ አካባቢ ነው። ከተማው ዝናብ ሲያገኝ ጫፉ ብናኝ በረዶ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ራስ ዳሽን ለምን ዓመቱን ሙሉ ነጭ አይሆንም?

በረዶ እንዲቆይ ከሚቀልጠው የሚወርደው መብለጥ አለበት። የሰሜን ተራሮች ከምድር ወገብ ሩቅ አይደሉም፤ የቀን ፀሐያቸው ብርቱ ነው። የወረደው በረዶ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር፣ የኬንያ ተራራ ደግሞ 5,199 ሜትር ከፍታ ስላላቸው በአናታቸው ላይ ቋሚ በረዶ ይዘው ኖረዋል። ራስ ዳሽን ለዚያ አልደረሰም።

ድሮ ግን እዚህም ቋሚ በረዶ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ በሰሜን ተራሮች ባደረገው ጥናት፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመራቸውን የድንጋይ ቁልሎች በተራሮቹ አናት አካባቢ መዝግቧል። የበረዶ ግግር ማለት ለብዙ ዘመን ተደራርቦ የጠጠረና በራሱ ክብደት ቀስ እያለ የሚንሸራተት በረዶ ነው።

ውርጭ ካልወረደ ከየት ይመጣል?

መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ደመናው ከሙቀቱ ከፊሉን ይመልሳል። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ወርዶ አይደባለቅም። መሬቱና ቅጠሉ ብቻቸውን ይቀዘቅዛሉ።

ስለዚህ የውርጭ ሌሊት ሦስት ምልክት አለው። ኮከቡ ይደምቃል፤ ነፋሱ ጸጥ ይላል፤ አየሩ ደረቅ ነው። ይህ የሚገጣጠመው በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ብርዱ የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል፣ ፀሐይ ከመውጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰብሉን የሚገድለው አመዳዩ አይደለም፤ ቅዝቃዜው ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሕዋሱን፣ ማለትም ቅጠሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ክፍሎች ይጎዳል። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ አመዳይ ሳይታይ ሰብሉ ጠቁሮ ሊያድር ይችላል። "ነጭ አላየሁም፤ ስለዚህ ውርጭ አይደለም" ብለው አይደምድሙ።

ለምን የእኔን ማሳ መትቶ የጎረቤቴን ተወው?

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ሌሊቱን ሙሉ ተዳፋቱን ይዞ ቁልቁል ይወርድና በረባዳው ቦታ ይጠራቀማል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሸለቆው ሥር ያለው ማሳ ሲመታ፣ ከፍ ብሎ በተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለው ሊተርፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቅጥቅ ያለ አጥር ወይም የድንጋይ ካብ ከማሳው በታች በኩል ካለ ደግሞ የሚወርደውን አየር ያግደውና ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ኪሳራው ምን ያህል ነው?

መልሱ የሚወሰነው ሰብሉ በምን ደረጃ ላይ ሳለ እንደተመታ ነው።

ገብስና ስንዴ በቡቃያነታቸው ውርጭን በመጠኑ ይችላሉ። ሲያሸቱና ሲያብቡ ግን በጣም ይሳሳሉ። በዚያ ጊዜ አበባው ከተመታ ዛላው ቆሞ ይቀራል እንጂ ፍሬ አይቋጥርም። አርሶ አደሩ እህሉን ያጣል፤ ገለባው ግን ለከብት ይተርፈዋል።

ባቄላ በአበባው ጊዜ ከተመታ አበባው ይረግፋል። ድንች ደግሞ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ከአፈር ሥር የያዘው ድንች ግን ወዲያው አይሞትም። ኪሳራው ማደጉን ማቆሙ ነው። ድንቹ ትንሽ ሆኖ ይቀራል።

የበረዶ ጠጠር ጉዳት ሌላ ነው። ገብሱ ከደረሰ በኋላ ቢወርድበት ፍሬውን ያራግፋል፤ አገዳውን ይሰብራል፤ ገለባውንም ከጭቃ ጋር ይለውሰዋል። እህሉም መኖውም በአንድ ከሰዓት ይሄዳሉ። ጠጠሩ በቡቃያ ላይ ከወረደ ግን ገብሱ ከሥሩ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

የራስዎን ኪሳራ ሲያሰሉ የጠፋውን እህል ብቻ አይቁጠሩ። ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ የበሬና የሰው ጉልበቱን ይጨምሩ። ለቀጣዩ ዓመት የሚያስፈልገውን ዘርና ለከብቱ የሚገዛውን መኖም ይጨምሩ። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ዘር ለመግዛት በግ ወይም ጥጃ ይሸጣልና።

ከውርጭ ለመዳን ምን ላድርግ?

ገንዘብ የማይጠይቀው መፍትሔ ቦታ መምረጥ ነው። ረባዳውን ማሳ ለሣር ወይም ፈጥኖ ለሚደርስ ሰብል ይተዉት። ዘግይቶ የሚያብበውን ወደ ተዳፋቱ ይውሰዱት።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ዝናቡ ከፈቀደ በጊዜ ይዝሩ፤ ፈጥኖ የሚደርስ ዘርም ይምረጡ። ግቡ ገብሱ ውርጩ ሳይገባ አብቦ እንዲጨርስ ነው። ዘር ሲመርጡ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።

ሦስተኛው ውሃ ነው። የመስኖ ድንች ወይም ነጭ ሽንኩርት ካለዎት በውርጭ ሌሊት ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያጠጡ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ወጪው የውሃውና የጉልበቱ ብቻ ነው።

አራተኛው መሸፈን ነው። ለሰፊ ማሳ አይሆንም፤ ለችግኝ መደብ ግን ጥሩ ነው። ማታ በገለባ፣ በጆንያ ወይም በላስቲክ ይሸፍኑ። ላስቲኩ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ያድርጉት። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይግለጡት።

ጭስ ያድናል የሚባለውስ?

ብዙ ቦታ ማሳ ዳር ጭስ ማጨስ የተለመደ ነው። ጭሱ ራሱ ግን ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እምብዛም አያግድም። የሚረዳው የእሳቱ ሙቀት ነው። አንድ ትልቅ እሳት አየሩን ወደ ላይ ገፍቶ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በማሳው ውስጥ የተበተኑ ብዙ ትናንሽ እሳቶች የተሻሉ ናቸው። ለዚያ የሚበቃ ማገዶ ማግኘት ግን በደጋው ውድ ነው። ትንሽ የችግኝ መደብ ከሌለዎት በቀር ማገዶዎን ለቤትዎ ይቆጥቡ፤ ቦታና ጊዜ መምረጡ ይበልጣል።

ከተመታ በኋላስ?

ወዲያው አይንቀሉት። ድንችን ጥቂት ቀናት ይጠብቁት፤ ከግንዱ በታች አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ገብስ ከሆነ ከሳምንት በኋላ ከተለያየ ቦታ ዛላ እየቆረጡ ይክፈቱ። ፍሬ መቋጠር ከጀመረ ይተዉት። ባዶ ከሆነ ገና አረንጓዴ ሳለ አጭዶ ለመኖ ማዋል ገለባ እስኪሆን ከመጠበቅ ይሻላል።

በጠጠር የተመታ ማሳ ላይ ጭቃው ሳይጠና አይግቡ። የቆመውን ውሃ ግን በቦይ ያስወጡ። የተቀደደ ቅጠል ለበሽታ በር ስለሚከፍት ማሳውን በየቀኑ ይዩት።

የድንች ቅጠል በጠቆረ ቁጥርም ውርጭ ነው አይበሉ። በዝናብ ወራት ጥቁረቱ ከጥቂት ቅጠል ጀምሮ በቀናት ውስጥ ከተስፋፋና በቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ከታየ በሽታ ነው። ውርጭ ግን በአንድ ሌሊት፣ ረባዳውን ሁሉ በአንድነት ይመታል። ለበሽታው መድኃኒት አለ፤ ለውርጭ የሚረጭ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ተራራ ለሚወጣ ምን ይጠቅማል?

ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ በቧሂት አጠገብ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሻገራል። ደባርቅ ላይ ዝናብ ብቻ ቢሆንም እዚያ መንገዱ ነጭና የሚያንሸራትት ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ እንዲቆይ ከጠየቀ አይቸኩሉ።

የድንኳን መስፈሪያው ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስሌታችን መሠረት ከደባርቅ በ5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በበጋ ሌሊት ድንኳን ላይ አመዳይ ማደሩ የተለመደ ነው። የጥጥ ጋቢ ሲረጥብ ሙቀት አይዝም። ባና፣ ለምድ ወይም ሌላ የሱፍ ልብስ ግን እርጥብም ሆኖ ይሻላል። ጠጠር ከመብረቅ ጋር ሲመጣ ከገመገሙ ጫፍ ይውረዱ፤ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥርም አይጠለሉ።

እንግዳ የሚመሩ ከሆነ ቃሉን ለይተው ይንገሩት። ስኖው የሚባለው ብናኙ በረዶ ብቻ ነው። ጠጠሩ ሄይል፣ የማለዳው አመዳይ ደግሞ ፍሮስት ይባላል። አይስ ማለት ኩሬ ላይ የጠጠረው ወይም ከማቀዝቀዣ የሚወጣው ነው። "ነገ ስኖው አለ" የተባለ እንግዳ ሌላ ጫማ፣ ሌላ ልብስ ያዘጋጃል፤ ጠብቆት የመጣውን ካላየም ያዝናል።

ትንበያውን እንዴት ልስማ?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑና በየወቅቱ ለግብርና የሚሆን መረጃ ያወጣል። በበጋ ወራት የሌሊትና የማለዳ ቅዝቃዜ ሲጠበቅ ያስታውቃል። በሬዲዮ ሲሰሙ ግን አንድ ነገር ያስታውሱ። ጣቢያዎች ሙቀቱን የሚለኩት ከመሬት ከፍ ባለ ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት ላይ ያለው ቅጠል ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ "ዝቅተኛው 3 ዲግሪ" ሲባል ረባዳው ማሳዎ ከዜሮ በታች ሊወርድ እንደሚችል ይቁጠሩ።

የሰብል መድን ከመግባትዎ በፊትም ውሉ በረዶንና ውርጭን ለየብቻ መጥቀሱን ይጠይቁ። ለድርቅ ብቻ የተዘጋጀ መድን በሁለቱ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም።

ማሳዎ በተመታ ጊዜ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አራት ነገር ጽፈው ይስጡ፦ የትኛው እንደመታው፣ በየትኛው ቀን፣ ሰብሉ በምን ደረጃ ላይ እንደነበርና ስንት ጥማድ እንደተጎዳ። "በረዶ መታን" ብቻ ከተባለ ባለሙያው ምን እንደሚመክር አያውቅም። ከዓመት ዓመት የተመዘገበ ማሳ ግን የትኛው ጥግ ለገብስ፣ የትኛው ለሣር እንደሚሆን ራሱ ይነግርዎታል። መዝገቡን ዘንድሮ ይጀምሩት።